አሸንዳ የሌለው ጣሪያ

ዛሬ ጠዋት ጡረታ ቢሮ ሄጄ መታወቂያ ሲጠይቁኝ የተማሪ መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁ።

መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ካርዱን አገላብጣ አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ እንደገና ካርዱን አየችው። «አባባ፣ ይሄ እኮ የዩኒቨርሲቲ ነው።» «አዎ፣ አርክቴክቸራል ቴክኖሎጂ» አልኳት፤ ቀልቤን ሳልሰበስብ፣ ጭራሽ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ «አቦ! ይሄ ሰውዬ ጡረታ የወጣው ከትምህርት ነው እንዴ?» ሲል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የሃምሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ከረባት አስሯል፤ ፊቱ ግን ጥርሱን ሊያስነቅል የተቀመጠ ሰው ፊት ነው።

ሳቁ እስከ ከዚራ ሰፈር አብሮኝ መጣ። ዛፎቹ ጥላ ሥር ስደርስ ጠፋና ንዴት ተተካ። ካርዱ ጊዜው ካለፈበት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያልጣልኩት በእሱ ስለምኮራ አይደለም። በዚያ ካርድ ዘመን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አምስት መምህራን ፊት አንዲት ቃል ተናግሬ ነበር። በዚያች ቃል አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ የሚገባትን ሥራ አጣች፤ ስሟም ጎደፈ። አርባ ዓመት ከምናምን ቤት ስነድፍ ኖሬ፣ ካወጣሁት ፕላን ሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል ነች የቆመችው። ልጻፋትና ትውጣልኝ።

ሥራ የጀመርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ እዚሁ ድሬ፣ በባቡር ድርጅቱ የሕንፃ ጥገና ክፍል ነው። ሥራዬ የድሮ ፕላን ላይ ስስ ወረቀት አንጥፎ መሥመሩን በቀለም መገልበጥ ነበር። ማሰብ አይጠበቅብኝም፤ እኔም ከሚጠበቅብኝ አልፌ አላውቅም። አለቃዬ አው ኢብራሂም የሚባሉ ሐረሪ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁመታቸው የተረሳ አጭር ሰው። የጣሪያ ነገር ሁሉ በሳቸው እጅ ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ከፈረንሳይኛው፣ ከአደርኛው፣ ከኦሮምኛው፣ ከሶማልኛው፣ ከአማርኛው እየቆነጠሩ በሠሩት በራሳቸው ቋንቋ ነበር የሚያዙን።

አው ኢብራሂም ቤት ሳይቀመጡበት እርሳስ አያነሱም። ሊጠግኑት የታዘዙትን ቤት እያንዳንዱን ክፍል ምሳቸውን ይበሉበታል፤ ዛሬ በምሥራቁ፣ ነገ በምዕራቡ። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጎኑን በሚያሳርፍበት በዚያ የቀትር እሳት፣ እሳቸው መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይቆማሉ። «በስምንት ሰዓት ቀዝቃዛ ነው፣ በአሥራ ሁለት ይፋጃል፤ ሙቀቱ መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው» ይላሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የውሃቸው ነገር ነበር። የሚጠጡትን ውሃ በኮዳ ይዘው ጣሪያ ላይ ይወጡና፣ ለራሳቸው አንድ ጉንጭ፣ ለጣሪያው አንድ ጉንጭ ያጠጡታል። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በዓይናቸው ይከተሉታል። አንድ ነገር ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ውሃውን ጠይቀው።»

አንድ ቀን ዕውቀቴ ገነፈለ። የምገለብጠው ፕላን ላይ ያለው ቤት አሸንዳ የለውም። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ በጣም ይወጣል እንጂ ዝናቡን የሚቀበል ነገር የለም። የድሮ ሰው ረስቶት ይሆናል ብዬ፣ በቆንጆ መሥመር አሸንዳ ጨመርኩለት። አው ኢብራሂም አዩት።

«ይሄን ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ። ተረስቶ መስሎኝ።»

አልተቆጡም። ይዘውኝ ወጡና፣ አንድ እንደኔ ያለ ብልጥ አሸንዳ የገጠመለት ጣሪያ ላይ አስወጡኝ። «እጅህን ክተት» አሉኝ። እስከ አንጓዬ ገባ። አቧራ፣ የኒም ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፤ ሁሉም እንደ ጡብ ደርቋል።

«እዚህ አገር ወራት ሙሉ አፈር ነው የሚዘንበው። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ይመጣል፤ ያ ውሃ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ያን ቀን አሸንዳህ በአፈር ሞልቷል። ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ውጪ።»

«ወደ ውስጥ!» አሉና ጭንቅላቴን በኮዳው ክዳን መቱኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ታች አሳዩኝ። በሌሎቹ ቤቶች ዙሪያ ወደ ውጪ ያዘነበለ የድንጋይ ንጣፍ አለ። ዝናቡ ከጣሪያው ጠርዝ በቀጥታ እሱ ላይ ይወርድና ወደ ቦዩ ይሄዳል። ግድግዳውን አይነካውም። «አልተረሳም። የተተወ ነው። ሁለቱን ለይ፤ ከዚያ በኋላ ነዳፊ ነህ።»

ባቡሩ ሲዳከም እኔ ወደ ከተማው አስተዳደር ተዛወርኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ማኅተም ካልበዛበት ፕላን ፕላን አይመስለውም ነበር። ሌላው ከደጋ የመጣ የትምህርት ቤት ፕላን፣ ብርድ እንዲከላከል ታስቦ የተሠራውን፣ አንድ መስኮት እንኳ ሳናነሳ በዚህ በረሃ እንድንተክል አዘዘን። ልጆቹ ውስጥ ሲቀቀሉ «ዲዛይኑ ጸድቋል» አለ። ተናደድኩ። በልቤ ነው ታዲያ። በልቤ መናደድ ላይ እኔን የሚያክል የለም።

ከዚያ የሥራ ምዘና የሚባል ነገር መጣ። ልጄ የሚሆን አለቃዬ ጠርቶኝ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ሰው ወንበር ሲስብልኝ ክፉ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ልምድዎ የሚደነቅ ነው። ግን ዲግሪ ስለሌለዎት ሲስተሙ አይቀበልዎትም። ወይ መዝገብ ቤት ይዛወራሉ፣ ወይ ይማራሉ።» ሲስተሙ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ አንድም ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። «እሺ ጌታዬ» አልኩት።

እንዲህ ሆኜ ነው በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ የሆንኩት። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም፤ ግንቡ ምንም አላደረገኝም። የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡን። እኔ ስክሪኑን ብቻ አብርቼ፣ ዋናውን ማሽን ሳላበራ፣ እጄን አጣጥፌ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ማሽኑ እያሰበ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀችና ጎንበስ ብላ ቁልፉን ተጫነችልኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ትዕግሥትህ ያስቀናል ወላሂ!»

ሀያት ነች። ድሬ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የምትለው፤ እኛ አገር አንቱታ የሩቅ ሰው ነው። አባቷ ሐጂ ሙሜ መጋላ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። ባልዲ፣ የአትክልት ማጠጫ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሸንዳ ይሠራሉ። እሷም ከሰኞ እስከ ዓርብ አብራቸው ቆርቆሮ ስትቆርጥ ትውልና ቅዳሜ ትማራለች። እኔን ኮምፒውተር አስተማረችኝ፤ እኔ ደግሞ ጣሪያ። ማንም ፕላን ሲያሳየኝ «በመሐል ተቆርጦ ልየው፣ ሴክሽኑ የታለ?» ስለምል ክፍሉ በሙሉ ጋሽ ሴክሽን ብሎ ሰየመኝ። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዕድሜዬ ከዚያ የከፋ ስም ነበረኝ።

ለእውነቱ፣ ትምህርቱ የጠቀመኝ ነገር አለ። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ከሰዓታት በኋላ ወደ ውስጥ እንደሚለቀው በስሌት ሲያሳዩን፣ አው ኢብራሂም በመዳፋቸው የሚያነቡትን አሁን በቁጥር አየሁትና ዓይኔ እንባ አቀረረ። የሀያት እስክሪብቶ ነው የወጋኝ ብዬ አመካኘሁ። ሌላው ግን ያንገበግበኛል! የግንባታ ዕቃዎች መሞከሪያ ክፍል የሚባል ነበረ፤ በሩ ላይ ጽሑፉ አለ፣ ቁልፉ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ባለ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። አራት ዓመት ስለ ድንጋይ ተማርን፤ ድንጋይ አልነካንም። ሲሚንቶ በፎቶ አየን። በፈተና መቶ ያገኘ ልጅ አሸዋ በእጁ ጨብጦ ንጹሕ ይሁን አይሁን መለየት አይችልም። በመስኮት አሻግረን ብናይ ግን የከተማው የአሸዋ ወንዝ እዚያው አፍንጫችን ሥር ተኝቷል።

በመጨረሻው ዓመት ማስታወቂያ ወጣ። የመመረቂያ ሥራው አንደኛ የወጣ ተማሪ የስቱዲዮ ረዳት መምህር ሆኖ ይቀጠራል ይላል። ሀያት ማስታወቂያውን ሦስቴ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይቺን ሥራ ካገኘሁ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? የዚያን ክፍል ቁልፍ እይዛለሁ። ወላሂ በሩን ነቅዬ ነው የምጥለው! እያንዳንዱ ተማሪ ድንጋይ ሳይጠርብ አይመረቅም።»

«እኔንም ታስጠርቢኛለሽ?»

«አንተን ጥላ ሥር አስቀምጬ ታስተምርልኛለህ።»

ጥንድ ጥንድ ሆነን ነበር የምንሠራው፤ እኔና እሷ ተጣመርን። የተሰጠን ሥራ የሰፈር ንባብ ቤት ነው፤ ከተማው ጥሩውን ወስዶ ሊሠራው ቃል ገብቷል። ቦታው ከአሸዋ ወንዙ ብዙም አይርቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ሄደን፣ እንደ አው ኢብራሂም ባዶው መሬት ላይ ምሳችንን በላን፤ ሀያትም የላስቲክ ጠርሙስ ከፍታ ውሃ አፈሰሰችና ቁጢጥ ብላ ተከተለችው። አንዲት የሰፈሩ ሴት አጥር ላይ ተደግፋ «ምን እየተከላችሁ ነው?» አለችን። «መጽሐፍ» አለቻት ሀያት። «ታዲያ ውሃው ምን ያደርግለታል?» «ጥሩ ጠየቅሽ፤ ምንም እንዳያደርገው ነው የለፋነው።»

ሀያት የነደፈችው ቤት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፤ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ፤ በአራቱም በኩል አንድ ሜትር ተኩል የሚወጣ ጣሪያ፤ ከታች በዙሪያው የድንጋይ ንጣፍና ቦይ። አሸንዳ የለውም። «አባቴ አሸንዳ ሸጦ አስተማረኝ፤ እኔ አሸንዳ የሌለው ቤት ነደፍኩለት። ከቤት ነው የሚያባርረኝ!» እያለች ትስቅ ነበር።

የመመረቂያ ሥራችንን የምንከላከልበት ቀን ደረሰ። አምስት መምህራን ረድፍ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ መምህር ዳግም አለ፤ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው፣ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ጨዋና ትሑት ልጅ፣ ለእኔ ሁልጊዜ ከመቀመጫው የሚነሳ። የድሬን ዝናብ ግን አያውቀውም። ውበት ማለት ለሱ ጣሪያው ከግንብ ጀርባ የተደበቀበት ከፊት ሳጥን የሚመስል ቤት ነው፤ ግንቡን ፓራፔት ይለዋል። ሀያት ተናግራ ስትጨርስ ብዕሩን በጣቶቹ መሐል አሽከረከረ።

«አሸንዳው የታለ?»

«የለውም፣ መምህር። ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ ውሃው በቀጥታ ንጣፉ ላይ...»

«የለውም ወይስ ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። እዚህ አገር አሸንዳ አፈር ነው የሚሰበስበው።»

«ስለዚህ ያስተማርንሽ ስሕተት ነው?»

አንዷ መምህርት ሰዓቷን አየች። ሀያት ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ምንም ፍርሃት የለም፤ አጠገቧ የቆመው ሰው ይሄን ነገር በእጁ ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ነውና። መምህር ዳግምም ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የረጅም ጊዜ ልምድ አለዎት። እርስዎ ይንገሩን። ረስታችሁት ነው አይደል?»

ልክ ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን ልናገር። አው ኢብራሂም አልነበሩም። ጣሪያውም ዝናቡም አልነበረም። የነበረው ማርክ ነው። ይሄን ካለፍኩ ዲግሪዬን ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከወደቅሁ መዝገብ ቤት ነው። ደግሞም ልጁ በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ በትሕትና የሚጠይቀኝን ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ይሄ ደግነት እየመሰለኝ ነው ዕድሜ ልኬን የኖርኩት።

«አዎ፤ ረስተናል» አልኩ።

ረስተናል! የአሸንዳ ሠሪ ልጅ አሸንዳ ረሳች! በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በኮዳ ክዳን ጭንቅላቱን ተመትቶ የተማረ ሰው ረሳ! መምህራኑ ፈገግ አሉ፤ አንዱ ጻፈ። ሀያት ፕላኖቹን ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ አወረደች፤ ጠቀለለች፤ ላስቲኩን አሰረች። በር ላይ ስንደርስ «ሀያት...» አልኳት።

«ደክሞዎታል፤ ይቀመጡ» አለችኝ።

እርስዎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሷ የሩቅ ሰው ነኝ።

የስቱዲዮው ሥራ ለሌላ ተማሪ ተሰጠ፤ የቁልፉ ነገር እዚያው ቀረ። ማሻሻያ አድርጋችሁ አምጡ ሲሉን ሀያት እጇን አላስነካችም፤ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ጣሪያውን ቆረጥኩ፣ ፓራፔት አቆምኩ፣ ከኋላው የተደበቀ አሸንዳ አስገባሁ። ከፕላኑ ግርጌ ግን የሁለታችን ስም እንዳለ ቀረ። ዲግሪዬን ተቀበልኩ። ካባው ጠልፎኝ መድረክ ላይ ልወድቅ ስል ሕዝቡ አጨበጨበልኝ፤ በሕይወቴ በጣም የተጨበጨበልኝ ያኔ ነው።

ከተማው ከቀረቡት የተሻሻለውን የእኛን መረጠ፤ ንባብ ቤቱ በዚያ ፕላን ተሠራ። ወራት አቧራው ነፈሰ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና ያ ቀልድ የማያውቀው ዝናብ መጣ። በማግሥቱ ቢሮው «ሄደው ይዩ» ብሎ ላከኝ። ስደርስ መጽሐፎቹ በገመድ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተዋል። ኮርኒሱ ወርዶ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተኝቷል። የንባብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃ ትጠርጋለች።

«ማነው ይሄን የነደፈው? እጁ ይቆረጥ!»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። መሰላል ተበድሬ ወጣሁና እዚያ ላይ እጄን አወጣሁት፤ ከግንቡ ጀርባ ወዳለው አሸንዳ ሰደድኩት። እስከ አንጓዬ ገባ። አቧራ፣ የኒም ቅጠል፣ ፌስታል፣ የአንድ ሕፃን ነጠላ ጫማ። እዚያው ጣሪያ ላይ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩ፤ በአማርኛ ሲያልቅብኝ በአው ኢብራሂም ቋንቋ ቀጠልኩ።

ጀግና ሆኜ ወረድኩ እንዳትሉ። አለቃዬ «የጽዳት ጉድለት ብለው ይጻፉትና ይለቅ» ሲለኝ፣ ያንኑ ጽፌ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ያስቀደደኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከመጋላ ወደ ከዚራ ሲያሻግረኝ ወሬ ጀመረ።

«አቦ ጋሼ፣ ሐጂ ሙሜን ታውቃለህ? አሸንዳ ሠሪውን?»

«አውቀዋለሁ።»

«ልጁ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተምራ፣ አሸንዳ ረስታ ንባብ ቤቱን አጥለቀለቀችው! ጫት በርጫ ላይ ሰዉ በሳቅ ሞተ። አሁን ሽማግሌው ዕቃ ሊሸጥ ሲል ‹ሐጂ፣ ዛሬስ የረሳኸው ነገር የለም?› ይሉታል። እሷንም የቀጠራት ተቋራጭ ስሟን ፕላኑ ላይ አይቶ አሰናብቷታል አሉ።»

«ንባብ ቤቱ እኮ አሸንዳ አለው!» ብዬ ጮህኩበት። «ያጥለቀለቀው አሸንዳው ነው!»

«እኔ ምን አደረግሁህ፣ ጋሼ?» አለ ሹፌሩ፤ እውነቱን ነው።

ቢሮ ገብቼ የጻፍኩትን ቀደድኩ። ሌላ ጻፍኩ። ጥፋቱ የጽዳት አይደለም፣ የንድፍ ነው አልኩ። ሀያት ሙሜ የነደፈችው ጣሪያ አሸንዳ አልነበረውም፣ ሆን ብላ ነው የተወችው፣ ምክንያቷንም ለመምህራኑ አስረድታ ነበር አልኩ። እኔ ትክክል መሆኗን እያወቅሁ ለማርኬ ስል ዋሸሁ፤ የተበላሸውን ፕላን የሠራሁትም እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። ለትምህርት ክፍሉና ለተቋራጩ ግልባጭ ይድረስ ብዬ ፈረምኩ።

አለቃዬ አንብቦ ወንበር ሳበልኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረዎት። በሰላም ይውጡ እንጂ። ስምዎን እኮ ያበላሹታል።»

«እስካሁን የሚበላሽ ስም ኖሮኝ አያውቅም» አልኩት። «አሁን ላውጣ።» ቁጣዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃ ፊት በአፌ ወጣ። የተሳበልኝ ወንበር ላይም አልተቀመጥኩም።

ከትምህርት ክፍሉ ሁለት መሥመር መልስ መጣ፦ ጉዳዩ የተዘጋ ነው፤ ቦታውም ተይዟል። መምህር ዳግም ራሱ ነው የፈረመው። ተቋራጩ ግን ሀያትን መልሶ ጠራት። ከተማውም ጣሪያው ይስተካከል ብሎ ወሰነ፤ ፓራፔቱ ይፈርሳል፣ ጣሪያው ይወጣል፣ ንጣፉ ይሠራል። ይሄን የምትነድፈውና የምትከታተለው እሷ ሆነች። በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ላያት ሄድኩ። ጣሪያ ላይ ሆና ሜትር ትዘረጋለች። አይታኝ ወረደች፤ እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

«ደብዳቤዎን አነበብኩት» አለችኝ።

«እና?»

«አማርኛው ጥሩ ነው።»

ግንበኛው ፓራፔቱን በመዶሻ ይመታል፤ አቧራው መሐላችን ወረደ።

«አባቴ ግን አማርኛ አያነብም» አለች። «ይሰማል እንጂ። ያንን ሳቅ በጆሮው ነው የሰማው፤ እነዚያ የበርጫ ጓደኞቹ ፊት። ሱቁ የት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።» ሜትሯን ጠቅልላ ወደ መሰላሉ ሄደች።

አውቀዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሐጂ ሙሜ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ በከሰዓቱ በርጫ ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ያንጸባርቃል። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ብዬ ባልዲ ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ቀን ማጠጫ ገዛሁ፤ የማጠጣው ተክል የለኝም። ሦስተኛው ቀን፣ እሱም ዛሬ ነው፣ ከጡረታ ቢሮው ንዴቴን እንደያዝኩ ሄድኩ፤ ዛሬስ ይወጣኛል ብዬ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ሙሜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድሜ፣ ቤትህ ያፈሳል እንዴ? ዕቃ አበዛህ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ለአንዴ እንኳ የተሳቀበት ሌላ ሰው ነበርና ደስ ብሏቸዋል። እኔም ሳቅሁ። «ትንሽ ያፈሳል» አልኩና ሌላ ባልዲ ይዤ መጣሁ።

ያለብኝ አምስት ቃል ነው። ልጅህ አልረሳችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ጓደኞቻቸው ተቀምጠው ሳሉ፣ ጮክ ተብሎ የሚባል ነው። እስከ አሁን አላልኩትም።